የእህቴ ጣቶችና የእናቴ ቅቤ

ቢቸና ውስጥ የቀሚስ ጥልፍ ሲነሳ፣ እታለም የምላት ታላቅ እህቴ አብራ ትነሳ ነበር። ለጥምቀት ቀሚስ ያሰበች ሴት ክረምቱ ሳይወጣ ነው እሷ ዘንድ ወረፋ የምትይዘው። እኔም ልሞክር ብዬ መርፌ ካነሳሁ፣ «ሂጂ ወዲያ! እኔ እያለሁልሽ አንቺን ምን አደከመሽ?» ትለኛለች። አግብቼ ሞጣ ከገባሁ በኋላም የእኔም የልጄም ቀሚስ ከእሷ እጅ ነበር የሚመጣው።

በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። አንጓዎቿ አብጠው መርፌ መያዝ ያቅታታል። እናታችን «ቁርጥማት ነው፤ ብርድ ገብቶባት መገጣጠሚያዋ ደርቋል» አለች። የደረቀን ነገር ምን ያለሰልሰዋል? ቅቤ! ጠያቂው ሁሉ ቅቤ ይዞ መጣ። ጠዋት አቅልጠው ያጠጧታል፣ ማታ ያሿታል፣ ገንፎዋም ያለ ቅቤ አይቀርብም። ሥራዋ ተቀምጦ መብላት ሆነና እህቴ ወፈረች። ሰውም ሲያያት «እሰይ! አማረብሽ፣ ተሻለሽ ማለት ነው» ይላታል። ጣቶቿን ማን ልብ ብሎ አየ! እኔ ራሴ በሚኒባስ በመጣሁ ቁጥር ጉንጯን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር የምመለሰው።

በታመመች በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ልጹም አለች። እናቴ የነፍስ አባታችንን አስጠርታ ለመነቻቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ በሽተኛ ነሽ፤ እግዜር አይፈርድብሽም» ብለው እንድትበላ ፈቀዱላት።

«አባ፣ ስጾም እኮ ይቀለኛል። አምናም ጣቴ የተፍታታው በጾሙ ነው» አለች እህቴ።

እናቴ ቱግ አለች። «ኧረ የሰው ያለህ! ተርቦ የዳነ ሰው የት አይተሻል?»

ሁላችንም ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች፤ ቅቤውንም ጠጣች። ያ ሳቅ አሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ሲብስባት እናቴም እሷም ሞጣ እኔ ዘንድ መጡና ሐኪም አያት። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። በሽታው ብርድ እንዳልሆነ፣ ሰውነቷ የገዛ መገጣጠሚያውን እየወጋ መሆኑን ነገረን። እናቴ «እንግዲያ ቅቤው ባይኖር ይብስባት ነበራ» ስትል፣ ሐኪሙ ቀስ ብሎ እንዲህ አላት፦

«እናቴ፣ የሰውነት ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ሆርሞን ያመነጫል። ያ ሆርሞን በደም ይዞርና የተቆጣውን መገጣጠሚያ የበለጠ ያስቆጣዋል። በሽታውን ያመጣው ውፍረቷ ነው አልልም፤ ግን የሚነድ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ዋናው ነገር በሽታውን የሚገታው መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ ዘግይቷል።»

የጾሙን ነገር ጠየቅሁት። «አንዳንድ ሰው በጾም ጊዜ ይቀለዋል። እሷ እየነገረቻችሁ ነበር» አለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። እኛ ግን የሞላ ጉንጭ እያየን ዳነች ስንል ጊዜው አለፈ። አሁን ብናገር ምን ዋጋ አለው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በማን እንደምናደድም አላውቅም። ክፉ ያሰበባት ሰው ቢኖር እኮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር!

ዛሬ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ እብጠቱ ወርዷል፤ ከስታለችም። የተጣመሙት ጣቶች ግን አልተመለሱም። ሰዉ ደግሞ አሁን «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?» ይላታል።

ባለፈው ቢቸና ስሄድ ለልጄ ሠርግ የጀመረችውን ቀሚስ ከሳጥን አወጣችልኝ። ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ ግማሹ ላይ ቆሟል፤ መርፌው እንደተሰካ ነው።

«በይ አንቺ ጨርሽው» አለችኝ።

መርፌውን ያዝሁት። የት እንደምወጋው እንኳ አላውቅም። «እታለም፣ መቼ አስተማርሽኝና?» አልኋት።

«እኔ እያለሁልሽ…» ብላ ጀመረችና ጣቶቿን አይታ ተወችው።