ለቤት ሠሪ ውሃ አይከለከልም

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የአማርኛ መምህርታችን ማይኩን ተቀበሉና በዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት የሚወጡትን ጽሑፎች ተናገሩ። ስለ ሰፈሬ የጻፍኩት ድርሰት ከነሱ አንዱ ነበር። ስሜ ሲጠራ ከኋላዬ የተሰለፈችው ጓደኛዬ በጉልበቷ ገፋ አደረገችኝና "ሂጂ እንጂ፣ ተተክለሻል እንዴ?" አለችኝ። እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። የማስታውሰው መምህርታችን እጄን ሲጨብጡኝ የጠመኔ ብናኝ መዳፌ ላይ መቅረቱን ነው። እስከ ምሳ ሰዓት እጄን አልታጠብኩም።

ደስታዬ ያለ ምክንያት አይደለም። ቤታችን የሚወራው ጋሞኛ ነው። አማርኛ የለቀምኩት ከተማ ወርጄ ከሲቀላ ገበያና ከትምህርት ቤት ነው። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ድርሰቴን ቆሜ ሳነብ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እያደረግኩ ክፍሉን ሙሉ አስቄያለሁ። አሁን እነዚያው ሳቂዎች "እኛንም ጻፊና" እያሉ ይለምኑኛል።

መምህርታችን በኋላ ለብቻዬ ጠርተውኝ "ጥሩ ነው፣ ግን ከላይ ከላይ ነው የነካሽው። ያመመሽን ዘለሽዋል። እሱን ጨምሪበት" አሉኝ። ጨመርኩበት። ስለዚህ ደስታዬን እዚህ ላይ ልጨርሰው፤ ከዚህ በታች ያለው ደስ አይልም።

ሰፈራችን ከሲቀላ ወደ ጫኖ በሚወስደው አስፋልት በተራራው በኩል ያለው ነው። ደላሎች "አዲሱ ሰፈር" ይሉታል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም "አዲሱ ሰፈር" ነው የሚሉት። ልጅ እያለሁ ከደጃችን ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው የሌላ ሰው ጣሪያ አይታይም ነበር። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ከዚያ ደግሞ ሙዝ። ከተራራው የሚወርደው ወንዝ በቦይ ተጠልፎ በየማሳው ካለፈ በኋላ መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ይደርሳል። የቦዩ ጭራ ላይ ነን። ከላይ ያለው ከጨከነ እኛ ጋ ጭቃ ብቻ ነው የሚደርሰው። ግን ተራ ነበረ፤ ተራውን ማንም አይጥስም። ሐሙስ የእኛ ነው። የሳምንቱን ቀናት የተማርኩት ከመምህር አይደለም፤ ውሃው ዛሬ የማን ማሳ ውስጥ እንደገባ እያየሁ ነው።

የመጀመሪያውን ቤት የሠሩት አንድ ጡረተኛ ናቸው። ከሰሜን መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሥራ ከከተማ ከተማ ሲዛወሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አገሩን ወደዱና እዚሁ ቀሩ። ከቦዩ ላይኛው ጫፍ ቁራጭ መሬት ገዙ። አንድ ቀን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

"አባቴ፣ ጭቃ የማቦካበት ውሃ ቸገረኝ። ፈቃድዎ ቢሆን…"

አባዬ የገበያ አማርኛ ነው የሚችለው፤ አንቱታ አያውቅም። "ለቤት የሚሆን ውሃ ፈቃድ አይጠየቅም" አላቸው። "ሐሙስ የእኔ ነው። ውሰድ።"

ሰውየው በ"ውሰድ" አልተቀየሙም፤ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ጨዋ ሰው ናቸው።

እኛ ዘንድ ቤት ለሚሠራ ሰው ውሃ መከልከል ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት የማይነካ ነገር ነው፤ የነካው ሰው ልጁ ይታመማል፣ ሰብሉ ይመታል ይባላል። የተጣላህ ሰው እንኳ ጭቃ ካቦካ ውሃህን ትለቅለታለህ፤ ጠባችሁን ጣሪያው ከተመታ በኋላ ትቀጥላላችሁ። እማዬ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት፤ ይሄ ነገር አይዋጥላትም።

"ጌታን የተቀበለ ሰው ጎሜ አይፈራም" ትለዋለች አባዬን።

"ጌታስ የተጠማን አጠጡ አላለም?"

"የተጠማን ነው ያለው። ጭቃ ይጠማዋል?"

አባዬ ይስቃል፤ ሐሙስ ሲደርስ ግን ውሃውን ይለቃል።

የጡረተኛው ቤት አለቀና ተመረቀ። በምርቃቱ ቀን አባዬን አጠገባቸው አስቀምጠው "ይህ ቤት በእኚህ ሰው ውሃ ቆመ" ብለው በሰው ፊት ተናገሩ። ክፋቱ ያን ቀን የሰሙት ሰዎች ብዙ መሆናቸው ነው። የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው መጣ፤ ከዚያ የባልደረባቸው አማች፤ ከዚያ ማንነታቸውን የማናውቃቸው ሰዎች። ከላይ ያሉት ገበሬዎች ማሳቸውን እየቆረሱ ሸጡ፤ ገዢው ሁሉ ከቦዩ ዳር የጭቃ ማቡኪያ ጉድጓድ ይቆፍርና በራችንን ያንኳኳል። ቤቱ ሲያልቅ አጥሩ ይጀመራል፤ አጥሩ ሲያልቅ ለኪራይ የሚሆን ሰርቪስ ቤት፤ ሰርቪሱ ሲያልቅ ፎቅ። መሬቱን የሸጡት ሌሎች ናቸው፤ ውሃውን የሰጠው አባዬ ነው።

ውሸት አልጽፍም፤ ሰፈሩ ሲያድግ እኔ ወድጄው ነበር። መብራት ገባ። ባጃጅ ደጃችን ድረስ መጣ። ሱቅ ተከፈተ፤ ሳሙና ለመግዛት ሲቀላ መውረድ ቀረ። ከአዲሶቹ ቤቶች የአንዱ ልጅ ጓደኛዬ ሆነች፤ ሰልፍ ላይ በጉልበቷ የገፋችኝ እሷ ናት። የሰፈሩ ጠባይ ግን ቀስ እያለ ተለወጠ። ድሮ የእኛን ማሳ አቋርጠው ይገቡ የነበሩ ሰዎች የብረት በር አሠሩና በቀዳዳው "ማን ልበል?" ይሉን ጀመር። ሦስት ጸሎት ቤቶች ሦስት ድምፅ ማጉያ ሰቅለው እሁድ እሁድ ይጯጯኻሉ፤ አንዱ የእማዬ ነው። አዲስ የመጣ ተከራይ መንገድ ላይ አግኝቶኝ "ተከራይ ነሽ ወይስ ነባር?" አለኝ። ነባር መሆኔን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሰው ነበርኩ።

ቦዩ በየበሩ ፊት ስለሚያልፍ የልብስ ማጠቢያ ሳሙናውም፣ የሽንት ጨርቁም፣ ፌስታሉም እዚያው ገባ። አንዳንዱ መኪና ማስገቢያ ሊሠራ ሲሚንቶ ደፋበት። እኛ ጋ ሐሙስ ሐሙስ የሚደርሰው አረፋ ያለበት ቀጭን ውሃ ሆነ። የሙዙ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ እየሆነ መጣ። ከሲቀላ የሚመጣው ነጋዴ አንዱን ዘለላ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየና ዋጋ ሳይከራከር ሄደ። ነጋዴ ካልተከራከረህ አልቆልሃል።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። የሰፈሩ ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረተኛው ናቸው። በእሳቸው ግቢ ወንበር ተደርድሮ ነበር፤ እኔ ከአባዬ ጋር ሄድኩ።

"ቦዩ ትንኝ እያራባ ነው" አሉ ጡረተኛው። "ወባ ያልገባበት ቤት የለም። ደፍነን ኮብልስቶን ብናነጥፍበት መኪናም ይገባል፣ ልጆችም ጤና ያገኛሉ።"

አባዬ ተነሣ። "ሳሙናውን ማን ጨመረው?"

"አባቴ፣ ማንም ይጨምረው። አሁን የምንነጋገረው ስለ መፍትሔ ነው።"

"የእኔ ሙዝ ታች አለ።"

"ጋሼ፣ ሙዝ እኮ ሲቀላ ሞልቷል" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ሴትዮዋ የሁለተኛ ፎቋን ምሰሶ በኮንክሪት ባስሞላች ሰሞን የሁለት ሐሙስ ውሃችንን የወሰደች ናት።

በእኛ ልማድ እንዲህ ያለ ጉዳይ ዱቡሻ ላይ ነው የሚታየው፤ ዱቡሻ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሜዳ ነው። እዚያ አንድ ሰው ቅር ካለው ነገሩ ለሌላ ቀን ያድራል። እጅ አይቆጠርም። ያን ቀን ግን "እጅ እናውጣ" ተባለ፤ እጆች ወጡ። አባዬ አልተቀመጠም፤ እጆቹን አንድ በአንድ አያቸው። የማን ጉድጓድ የት እንደነበረ ያውቃል።

"ስትለምኑኝ አንድ አንድ ሆናችሁ መጣችሁ" አለ። "ስትከለክሉኝ ግን አንድ ላይ ሆናችሁ።"

ከዚያ ጡረተኛው መነጽራቸውን አስተካክለው "ሌላ አጀንዳ ያለው አለ?" አሉ። ስለ ሰፈር ጥበቃ ቅጥር ማውራት ተጀመረ።

ቦዩ ተደፈነ። ኮብልስቶኑ ያምራል፤ እኔም ጫማዬ ጭቃ ሳይነካው ትምህርት ቤት እደርሳለሁ። ሙዙን አሁን የሚያጠጣው ዝናብ ብቻ ነው፤ በጋውን አይሻገርም። እማዬ ማሳውን በገመድ ለክታዋለች። ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች ይሠራበታል።

"ጭቃ የምናቦካበትን ውሃ ከየት ነው የምናመጣው?" አለችው።

"ጎረቤት ጠይቂ" አላት አባዬ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

ሰኞ ማታ ይህን ጽሑፍ በጋሞኛ እየመለስኩ ለአባዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ጡረተኛውን ክፉ አስመስለሽዋል" አለኝ።

"ክፉ አይደሉም?"

"አይደለም። እናትሽ ወባ ሲይዛት በራሱ ባጃጅ ሆስፒታል የወሰዳት ማን ነው?"

"ታዲያ ማን ነው ያጠፋው?"

"ድሮ ቤት ሲሠራ በአንድ በጋ ያልቃል፤ ውሃህ ይመለስልሃል" አለኝ። "ይሄኛውም ያልቃል ብዬ ስጠብቅ ሐሙሴ አለቀ።"

ከዚያ "የምትጽፊበትን ነገር ብዙ ሰው ያነበዋል?" ብሎ ጠየቀኝ። መምህራኑም፣ ተማሪውም፣ ወላጆችም እንደሚያነቡት ነገርኩት። "እንግዲያስ ጥሪልኝ" አለ። ሙዙ ከሥሩ ብዙ ችግኝ አፍልቷል፤ ግድግዳ ሥር ከሚቀበር የሚተክለው ሰው ይውሰደው ብሏል።

ስለዚህ ጥሪውን አደርሳለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በማንኛውም ቅዳሜ ጠዋት ኑ። ጆንያ ያዙ፤ መቆፈሪያ እኛ ጋ አለ። ከሲቀላ ለሚነሣ ባለ ባጃጅ "ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት" በሉት፤ ያውቀዋል። ችግኙን አባዬ ራሱ ነቅሎ ይሰጣችኋል፤ እንዴት እንደሚተከልም ያሳያችኋል። ስብሰባው ላይ እጃችሁን ያወጣችሁም ኑ፤ "እነሱን ለይተሽ ጥሪያቸው፣ ጓሯቸው ሰፊ ነው" ብሏል። እኔ ብሆን አልጠራችሁም ነበር። ግብዣው ግን የእሱ ነው።