አባቴ ጋራቤድ ይባል ነበር

ናፍጣና የረጠበ ገመድ አንድ ላይ ሲሸቱኝ ባሕር ዳር ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ይጠግን የነበረው አባቴ ትዝ ይለኛል። ክረምት ገብቶ ጣና ሲደፈርስ፣ ከዘጌ የሚመለሱት ጀልባዎች እያሳሉ ይመጡ ነበር፣ እሱም እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሞተር ሲፈታ ይውል ነበር። ጫኞቹ «ጋሽ ጋራዥ፣ የእርስዎን ስም ስንጠራ ምላሳችን ተሳሰረ እኮ!» ሲሉት፣ «ዓሣ ስትበሉ ግን አይተሳሰርም» ብሎ ያስቃቸው ነበር።

መስከረም አንድ ቀን፣ በቅዱስ ዮሐንስ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ «ዛሬ የስሜ ቀን ነው» ይለን ነበር። አያቱ ከአርመን አገር ተሰደው አዲስ አበባ የገቡ ሰው ነበሩ። ጋራቤድ በእነሱ ቋንቋ መንገድ ጠራጊ፣ ከፊት ሄዶ የሚመጣውን የሚያበሥር ማለት ሲሆን የመጥምቁ ዮሐንስ መጠሪያ ነው፤ ሊቃውንት የቃሉን ሥር ከጥንት የፋርስ ቋንቋዎች ይመዙታል። አድጌ በመጻሕፍት አጣራሁት፣ አባቴ ልክ ነበር።

በጋው ሲጋመስ ታሞ ሞተ። በእኛ ዘንድ ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነውና የደብሩ አለቃ እናቴን ጠየቋት።

«ጋራቤድ ነው፣ አባ» አለች።

«እሱ የዓለም ስሙ ነው። የተጠመቀበትን ንገሪኝ።»

«የተጠመቀበትም ይኸው ነው፤ አርመኖች ሁለት ስም የላቸውም። እናንተ ጸያሔ ፍኖት፣ መንገድ ጠራጊ፣ የምትሉት ዮሐንስ መጥምቅ ማለት ነው።»

«ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፤ ተቀመጪ» አሉና ወደ ዲያቆናቱ ዞረው «ኃይለ ማርያም በሉት» አሉ።

«ባሌን በሌላ ሰው ስም አትሸኙብኝ!» ብላ ጮኸች። የእድር ሴቶች «ኧረ እህት ዓለም፣ ነውር ነው» እያሉ አፏን በነጠላ ይዘው አስቀመጧት። ጸሎቱ ቀጠለ። በአርባውም በዓመቱም ኃይለ ማርያም ተባለ።

ሳያውቁ ቢሆን ኖሮ ይቅር እል ነበር። ግን ተነግሯቸዋል። በየመስከረሙ በዜማ የሚያመሰግኑትን ቅዱስ መጠሪያ፣ በሌላ ቋንቋ ስለተነገረ ብቻ፣ ከሟች ላይ ገፈፉት፤ አልቅሳ የነገረቻቸውንም ሴት አፏን አስያዟት።

አምና እናቴን ቀበርን። ወጣቱ ካህን የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ፤ «ወለተ ጊዮርጊስ» አልሁ፤ ምንም ሳይጨምሩ በስሟ ጸለዩላት። አባቴ ከጎኗ ተኝቷል። ያኔ የተጸለየለት ኃይለ ማርያም ግን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።