አራት አፍ ያለው ብረት

ልጅ ሳለሁ እትዬ ጥሩነሽ እናቴን በደለቻት። የአባቴ እኅት ናት፤ ያኔ አንቱ እላት ነበር፣ በወረቀት ላይ ግን «እሷ» ይበቃታል።

ከንፋስ መውጫ በላይ፣ ጉሙ ከከብቱ ጋር በሚያድርበት አገር፣ ግቢያችን አንድ፣ በረታችን ሁለት ነበር፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእሷ። እናቴ ከአባቷ ቤት ይዛት የመጣችው ቦራ ላም ወተቷ ሲጎድል፣ እትዬ ጥሩነሽ ጎረቤት በተሰበሰበበት «የዚች ሴት እጅ ላም ያነጥፋል፤ ላሟ ወደ እኔ በረት ትዙር» አለች። በቀንዷም ክታብ አሰረችባት። እናቴ ያበጡ ጣቶቿን በነጠላዋ ሸፈነች። የሁለቱንም በረት ላሞች ጧት ማታ የምታልበው እናቴ ብቻ ነበረች።

በዚያው ሰሞን አያ ደስታ መጡ፤ ሸዋ ወርደው በአንድ ፈረንጅ የላም እርባታ ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ። አመሻሽ ላይ የኩበቱ ፍም አመድ ሲለብስ፣ ማለቢያው የታጠነበት የወይራ ጭስ በኩራዙ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ ያኔ እንደ ተረት ቀስ እያሉ ያወሩልን ነበር፤ አራት አፍ ስላለው ብረት፣ አራቱን ጡት ባንድ ጊዜ እንደ ጥጃ እየሳበ፣ ወተቱን ጭራ ሳይነካው እበት ሳይገባበት በቱቦ ስለሚወስድ ብረት። አንድ ሰው ብቻውን የላም መንጋ ያልብበታል አሉ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ብረቱ በጉሙ ውስጥ እንደ ንብ እየዘመረ ወደ በረታችን ሲመጣ አየው ነበር።

«ሰይጣን ነዋ» አለች እትዬ ጥሩነሽ፣ ከምድጃው ዳር አሬራዋን እየጠጣች።

«ሰይጣንስ ይደክመው ይሆናል» አሉ አያ ደስታ። «የደከመ እጅ ግማሹን ጡት ውስጥ ይተወዋል። የተተወ ወተት ደግሞ ላሟን ያነጥፋታል። ብረቱ ጠብታ አያስቀርም።»

አባቴ ፍሙን ይቆሰቁሳል። በማግስቱ ላሚቱ ወደ እኅቱ በረት ልትነዳ ነበር።

ያ ብረት አገራችን ጋይንት ሲደርስ እስከ ዛሬ አላየሁም። ራሴን ማንበብ ካስተማርኩ ወዲህ ስለ እሱ የተጻፈ ባገኘሁ ቁጥር ግን አያ ደስታን እመርቃለሁ። በውስጤ የቀሩት የብረቱ ዝማሬና የእናቴ ጣቶች ናቸው፤ አንዱን ሳስብ ሌላው ይመጣል። ላሚቱም ከበረታችን አልወጣችም፤ ከዚያ ምሽት ወዲያ አባቴ ራሱ ማለቢያ ይዞ ይወርድ ጀመር። በታላላቆች ፊት ልጅ አይናገርም ቢባልም፣ ያን ምሽት ተነሥቼ እንዲህ ብዬ ነበር፦

«እትዬ፣ ብረቱ ያለው ሸዋ ነው፤ እዚህ ያሉት የእናቴ ጣቶች ናቸው። ላሟን ያነጠፋት የአንቱ መቀመጥ ነው።»