የሲምቦ የልደት ዓመት

ሲምቦን የማውቃት ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ነው። በ1998 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከወላጆቿ ጋር ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የመጡበት የጭነት መኪና ተገለበጠ። እሷ ግማሽ ቀን ከቡና ጆንያ ሥር ቆይታ እግሯ ተሰብሮ ወጣች። አባቷ ጭንቅላቱን ቢመታም ቆሞ ያወራ ስለነበር ደህና ነው ተባለ። በማግስቱ ሞተ።

እናቷ ሻሼ፣ ሀራሙስ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር እኔ ዘበኛ በነበርኩበት ቪላ ተቀጠረች። ለመኖሪያ ፈቃድ ፎርም መሙላት ነበረባት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ፈረንሳይኛውንም ከአሮጌ ጋዜጣ ለቃቅሜ ስለተማርኩ የካርቲየ 2 ሰፈር ሐበሻ ፎርሙን የሚያስሞላው በእኔ ነበር። ልጅቱ መቼ እንደተወለደች ጠየቅኳት፤ በ82 አለችኝ። 1982 ብዬ ጻፍኩ። የነገረችኝ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ልብ አላልኩም፤ በፈረንጆቹ 1990 ነው። ልጅቱ አልጋ ላይ ስለነበረች የፈቃድ ቢሮው ጸሐፊ አላያትም። ማኅተሙን መታበት።

በወረቀት ስምንት ዓመት አረጀች፤ ማንም ግድ አልነበረውም። ሐኪም ከሆነች በኋላ እንኳ ሂንድ የምትባል ነርስ መታወቂያዋን አይታ «አክስቴ፣ ጡረታሽ መቼ ነው?» እያለች ታስቃት ነበር።

እዚህ ራሳቸውን ተመትተው የሚመጡ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። ሲንገዳገዱ ያየ ሁሉ የጫት ምርቃና ነው ይላል። ሲምቦ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈሰውን ደም ያለ ውድ መሣሪያ ቀድሞ መለየት የሚቻልበትን መንገድ ማጥናት ፈለገች። ውጭ አገር ወዳሉ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምርምር ክፍሎች ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፈች። በ2017 በፈረንጅ ከፈረንሳይ አንዱ ተቀበላት። ቦታው ግን ከሠላሳ ዓመት በታች ለሆኑ ነው። እሷ ሃያ ሰባት ናት፤ ወረቀቷ ሠላሳ አምስት ይላል።

የልደት ዓመቷን ለማስተካከል፣ ሻሼ ሞታ ስለነበር፣ ፍርድ ቤት የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ኮቴን ለብሼ ቀረብኩና የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ዳኛው በጨዋነት አዳምጦኝ ከኢትዮጵያ የልደት ማስረጃ አምጡ አለ። እሷ በተወለደችበት ገጠር ያኔ ልደት የሚመዘግብ አልነበረም። ዲፕሎማዋም በዚያው የተሳሳተ ዓመት የተሠራ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ የፈረንሳዩ ምዝገባ ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ ዋለ። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ቤቷ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ፎርሙን ባልሞላላቸው ኖሮ ያኔውኑ ወደ ኢትዮጵያ ይመልሷቸው እንደነበር ነገረችኝ። ይህ እኔን አላጽናናኝም። ከሁሉ በላይ የቆጨሽ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«መሄዱ አይደለም ጋሼ ታፈሰ» አለችኝ። «ተመትተው የመጡት ሲንገዳገዱ ሳይ የቱ እንደሚተርፍ፣ የቱ እንደሚሞት ማወቅ ነበር የፈለግኩት። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነበር። እዚሁ ሆኜም እደርስበታለሁ ብልዎት ደስ ባለኝ። ግን ልዋሽዎት አልችልም።»