ለጠመንጃ የተሰረቀ ቅቤ

ቢሮዬ ባለበት ሰፈር፣ ኦከርን ላይ፣ ለአዳዲስ ሕንጻዎች መሠረት ሲያወጡ ድንጋይ ያፈነዳሉ። ያ «ዱም» የሚል ድምፅ ከእግሬ ሥር ተነሥቶ የቢሮዬን መስኮት ባንቀጠቀጠ ቁጥር፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ባሩድና ኮሰረት አንድ ላይ ይሸተኛል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ላምበርትሴተር በሚባል ሰፈር ነበር። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ኡላቭ የሚባሉ ብቸኛ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ «ጋሽ» ያልናቸው እኛ ነን፣ እሳቸውም ንጉሡ የሾሟቸው ያህል ይኮሩበት ነበር። ቅጠሉ በረገፈበት ሰሞን አባዬን ጠርተው ከአባታቸው የወረሱትን፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ አሳዩት። ሳሎናችን ውስጥ ቢጋደም አፈሙዙ ድንበር ተሻግሮ ስዊድን ይገባ ነበር። የጋሽ ኡላቭ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሯቸውም ከወር ወር እየደከመ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃውን ለአባዬ የሚሰጡት በአንድ ውል ብቻ ነበር፦ ጆሯቸው ጨርሶ ሳይዘጋ፣ በልጅነታቸው የሰሙትን ድምፅ አንድ ጊዜ እንዲያሰማቸው።

አባዬ ከመጥረጊያ በቀር ምንም አነጣጥሮ አያውቅም። በረዶው መስኮቱን በሸፈነበት ወቅት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ኡላቭ ወጥ ቤት ወርደን እንማር ነበር። ባሩዱ የግድ የድሮው ጥቁር ባሩድ መሆን አለበት፤ የዘመኑ ጢስ አልባ ባሩድ ከገባበት ብረቱን ይሰነጥቀዋል። አባዬ የቀረቡለትን ሁለት ዓይነት ጥቁር ባሩዶች፣ የደቀቀውንና የተከካውን፣ ወረቀት ላይ ዘርግቶ «ይኼ ሽሮ ነው፣ ያኛው ቂንጬ ነው» አለ፤ ጋሽ ኡላቭም ቃላቱን አጥንተው፣ ለዚህ ጠመንጃ የሚስማማው ቂንጬው እንደሆነ በክብር አስታወቁ።

የቀረው ቅባቱ ነበር። ድብልብሏ የእርሳስ ጥይት በቁራጭ የጥጥ ጨርቅ ታቅፋ ነው የምትወርደው፤ ጨርቁ ቅባት ካልጠጣ ይቃጠላል። ጋሽ ኡላቭ አባታቸው በሞራ ይቀቡ እንደነበር ቢነግሩትም አባዬ «ሞራማ ለጫማ ነው» ብሎ ናቀው። ለእንዲህ ያለ የተከበረ ጠመንጃ የሚመጥነው የእማዬ ቅቤ ብቻ እንደሆነ ወሰነ። እማዬ ከአዲስ አበባ የተላከላትን ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥራ፣ ለፋሲካ በጠርሙስ ደብቃ ነበር። ሁዳዴ ስለገባ የሚነካው አልነበረም። እኔ ነካሁት። ሁለት ማንኪያ በሻይ ብርጭቆ ቀድቼ ለአባዬ ሳቀብለው፣ «ጠመንጃ አይጾምም» ብሎ የሁለታችንንም ኃጢአት ባንድ ቃል አነጻው።

በረዶው ሲቀልጥ እማዬም ተጨምራ ሁላችንም ወደ አንድ የተኩስ ክለብ ሜዳ ሄድን። አባዬ ባሩዱን አፈሰሰ፣ ጨርቁን በቅቤ ነክሮ ጥይቷን አጎረሰና በረጅሙ ዘንግ ወደ ታች ገፋት። ልክ ሊያነጣጥር ሲል፣ ኤልግ የሚሉት ግመል የሚያክል አጋዘን ኢላማው ፊት ቆሞ ሣር መጋጥ ጀመረ። ጠመንጃው ወደ ሜዳው እንደዞረ ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠ፤ ቅቤውም ውስጥ ለውስጥ እየቀለጠ ወደ ባሩዱ ወረደ።

አጋዘኑ ጠግቦ ሄደ። ሁሉም ጆሮውን ሸፈነ፤ ጋሽ ኡላቭ ግን መሸፈኛውን እምቢ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በደንብ ለመስማት መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ ደግነው ቆሙ። አባዬ ቃታውን ሳበ። «ጠቅ» አለ፤ ሌላ ምንም።

ጋሽ ኡላቭ ዓይናቸውን ገለጡ። «ተኮሰ?» አሉ ቀስ ብለው። ፊታቸው ባንድ ጊዜ ሟሸሸ፤ ጠመንጃው ጮኾ እሳቸው ያልሰሙት መስሏቸው ነበር። እኔ ሮጬ ጆሯቸው ሥር ጮኽኩ፦ «ጋሽ ኡላቭ፣ አልተኮሰም! ቅቤው ነው!»

እማዬ ዞር አለች። «የቱ ቅቤ?»

የሻይ ብርጭቆውን አነሣችና አሸተተች። «ቤት እንነጋገራለን» ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። ቢሮ ስታጸዳ እጇ በውሃ ይሰነጣጠቅ ስለነበር፣ ከሰምና ከበግ ሞራ ራሷ ያዘጋጀችውን ቅባት በትንሽ ቆርቆሮ ይዛ ትዞር ነበር። የክለቡ ሰዎች የከሸፈውን አውጥተው ብረቱን በደንብ ካደረቁት በኋላ፣ አዲሱን ጨርቅ በገዛ እጇ ቀብታ ለአባዬ ሰጠችው።

እንግዲህ ስለዚያ ድምፅ ባጋንን አትፍረዱብኝ። መሬቱ ከጫማዬ ሥር ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ነጭ ጢስ አባዬን፣ እማዬን፣ ሜዳውንም ዋጠ፤ የሩቁ ኮረብታ ድምፁን ተቀብሎ እንደገና አለው። ጢሱ ሲገለጥ የጋሽ ኡላቭ መዳፍ ከጆሯቸው ወርዶ ደረታቸው ላይ ነበር፤ እንባቸው ጢማቸውን አርሶታል። «ያ» አሉ፣ «እሱ ነው።»

ያን ፋሲካ እማዬ ጠርሙሷን ለቅጣት ስለሸሸገችብን ዶሮ ወጣችን በሱቅ ቅቤ ተሠራ። ዛሬ ጠመንጃው የእኔ ነው። የጠመንጃ ዕቃ ሱቁ በየቀለሙ የታሸገ ቅባት ይሸጥልኛል፣ አንዱም የእማዬን እጅ አይሸትም። የእኔም ጆሮ ደከም ብሏል፤ ኦከርን ላይ ድንጋዩ ሲፈነዳ ከጆሮዬ በፊት ደረቴ ይሰማዋል። ጋሽ ኡላቭ ያን ቀን የሰሙት በጆሯቸው ይሁን በደረታቸው መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነበር።