በምርቃት መሃል የወለቀው ጥርስ

በደርግ ጊዜ ልጄን ስድር፣ አማቾች ፊት ያለ ጥርስ መቅረብ አሳፈረኝና ሆሳዕና ሄጄ ጥርስ አሠራሁ።

ሠሪው አፌን አይቶ፣ «አባባ፣ የመንጋጋዎ አጥንት አልቋል፤ ጥርሱን አጥብቆ የሚይዝ የለም» አለኝ።

«ለሠርጉ ቀን ይቁምልኝ እንጂ።»

«እንግዲያው ብዙ አይናገሩ።»

ብዙ መናገር ድሮም አልወድም።

በሠርጉ ቀን ሥጋም ሳልነካ ዋልኩ። በኋላ ሙሽሮቹ ለምርቃት እግሬ ሥር ተንበረከኩ። መርቄ ስጨርስ፣ እንደ ደንባችን «እትፍ» ብልባቸው ጥርሱ ተፈናጥሮ የልጄ ቀሚስ ላይ አረፈ።

ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ቀሚሷ ዞረ።

«አባዬ፣ እንካ» አለች ልጄ አንገቷን እንደደፋች።

ቀጥሎ የሚመርቀው ቀኑን ሙሉ በነጭ ጥርሱ ሲስቅ የዋለው የሙሽራው አባት፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበር። ተነሣ፣ አየኝ፤ ከዚያ ጥርሱን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና መመረቅ ጀመረ።