«መጣ» የሚለውን ቃል የቆጠርን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የጻፈችውን ድርሰት ኮምፒውተር ላይ ስታሳየኝ ከገጹ ግርጌ የቃላቱ ብዛት ተጽፎ አየሁ። እሷ ልብም አላለችው። እኔ ግን ዓይኔን ከዚያ ቁጥር ላይ መንቀል አቃተኝ፤ ዘሃራ ትዝ አለችኝ።

ዘሃራ ሸዋ ሮቢት በቴክኒክ ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒውተር የምንጋራ ጓደኛዬ ነበረች። ክፍላችን ቆርቆሮ ነው፤ ረፋድ ላይ መጋል ይጀምራል። በመስኮቱ ከደሴ መንገድ የጭነት መኪና ጩኸትና ዳር ላይ የተከመረ የሽንኩርት ሽታ ይገባል። የምንማረው ፕሮግራም በጽሑፍ የሚታዘዝ አልነበረም፤ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች እየደረደርን በቀጫጭን መስመሮች እናገናኛቸዋለን። አንደኛው ሳጥን የሰጠነውን ቃል ከጽሑፍ ውስጥ ፈልጎ ያወጣል፤ ከዚያ የቀረውን ጽሑፍ መልሰን እንሰጠዋለን፣ ደግሞ ይፈልጋል። ባገኘ ቁጥር አንድ ይደመራል።

ለልምምዱ ሁላችንም ከመማሪያ መጽሐፍ አንድ ገጽ ስንገለብጥ፣ ዘሃራ ወንድሟ ኡመር ከአረብ አገር የላካቸውን ደብዳቤዎች ገለበጠች። አባቷ ጋሼ ይማም ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን ሁልጊዜ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። የሚቆጠረውንም ቃል እሷው መረጠች፤ «መጣ»።

ኮምፒውተሩ ዘጠኝ አለ። ትክክል መሆኑን ለማየት የተገኙትን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ለአረፋ እመጣለሁ። ማሽላው ሲደርስ እመጣለሁ። ስመጣ ቤቱን እናድሰዋለን። ዘጠነኛው ላይ እጄ ቆመ። «ከእንግዲህ አልመጣም። እዚሁ ትዳር ይዣለሁ። ለአባባ አንቺው ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ» ይላል። ሳጥኑ ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን አያውቅም፤ እመጣለሁና አልመጣም ለእሱ አንድ ናቸው።

ዞር ብዬ አየኋት።

«ሰባት ወር ሆነው» አለች ዝግ ብላ። «ያን መስመር እየዘለልኩ ነው ለአባባ የማነብለት።»

አሁን ሳስበው፣ ያን ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ላይ የገለበጠችው ሌላ ሰው እንዲያየው ብላ ይመስለኛል። እኔ ግን ወደ ስክሪኑ ተመልሼ የሳጥኖቹን መስመሮች ማስተካከል ያዝኩ።

ቅዳሜ ገበያ ጋሼ ይማምን ማሾና ፓፓያ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ደብዳቤዎቹን ለምን ትምህርት ቤት እንደወሰደች ዘሃራን ጠይቀዋት ቁጥሩን ነግራቸው ኖሯል።

«ልጄ፣ እመጣለሁ ያለው ዘጠኝ ጊዜ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«ዘጠኝ ነው የቆጠረው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አልሐምዱሊላህ ብለው ፓፓያ ቆርጠው ሰጡኝ። የበሰለ፣ ማር የመሰለ ፓፓያ ነበር፤ አንዴ ገምጬ የቀረውን በእጄ ይዤ ሄድኩ።

ዘሃራ እውነቱን የነገረቻቸው ክረምቱ ሲገባ ነው። እንደነገረችኝ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ዝናቡን ሲያዩ ዋሉ፤ ሲመሽ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንድታነብላቸው ጠየቋት። ከዚያም በኋላ የሚጠይቋት እሱን ብቻ ነበር።

ስንመረቅ እሷ ማጀቴ ከተማ ሄዳ አገባች፣ እኔ ደብረ ብርሃን ሥራ ያዝኩ። ሁለት ጊዜ ተጻጻፍን፤ ከዚያ ጠፋፋን። ያ ክፍል ከነሙቀቱ ይናፍቀኛል፤ ትከሻዬን ተደግፋ ስክሪኑን የምታይበት ሁኔታ ይናፍቀኛል። ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሰባት ወር ብቻዋን የያዘችውን ነገር ፊቴ አስቀምጣ ስትጠብቀኝ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ መስመሮቹን ማስተካከል ቀጠልኩ። ዛሬ ቢሆን ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ተነሺ ከከተማው ዳር ወዳለው ወንዝ እንውረድ እላት ነበር።